በስክሪኑ የቀረው ምስል

የኑርሁሴን ሬሳ ገና ከቀዶ ጥገናው አልጋ አልወረደም። የከብት ነጋዴውን ሰንበቴ ገበያ ላይ ወይፈን ጥሎት ጭኑ ተሰብሮ ነበር፤ ከሚሴ ወደሚገኝ የግል ክሊኒክ አምጥተውት እየታከመ ሳለ ሆዱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። የራጅ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሰልሳቢል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ዶክተር ሪያድ በሰው ሁሉ ፊት «የገደለችው እሷ ናት» ብሏል።

ኢንስፔክተር ሸሪፋ ሬሳውን አይታ ወደ ማሽኑ ዞረች።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«አጥንቱን እየሠራሁ ሳለ ያሳየኛል» አለ ሪያድ። «ድሮ ጭኑን ሙሉ እንከፍት ነበር። አሁን ጣት በማታህል ቀዳዳ ሽቦ በመሰርሰሪያ አስገብቼ መንገዱን በስክሪን አያለሁ። ምስሉ ከተሳሳተ ግን ዕውር ነኝ። ልጅቷ ማሽኑን አጣማ ምስሉን አነሳች፤ ሽቦው አጥንቱ ውስጥ የቆመ መሰለኝ። አልፎ ሆዱ ውስጥ ያለ ደም ሥር በሳ።»

«ያመኑት የቱን ምስል ነው?»

«የመጨረሻውን። ስሰረስር አጠገቤ ቆማ ያነሳችውን። ያውልሽ።»

ማሽኑ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ምስሉ ግን ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው። ሽቦው አጥንቱ መሃል ይታያል፤ ከፊቱ አራት ማዕዘን ጥቁር ጥላ አለ።

ማደንዘዣ ሰጪው ጀሚል ቀና አላለም። «እኔ ትንፋሹን ነበር የምከታተለው። እነሱን አላየሁም።»

«አንቺስ?»

ለሰልሳቢል የእስር ቤት በር ታያት። «ወላሂ አላጣመምኩም! የሟቹን ክታብ ለሚስቱ ላደርስ ወጥቼ ነበር።»

«ይሄ ጥላ ክታብ ነው?»

«አዎ፣ በቆርቆሮ የታሸገ። ከወገቡ ወርዶ አጥንቱን ሲጋርድብን ዶክተር ‹ፍቺው› አለኝ። ኑርሁሴን የደነዘዘው ከወገቡ በታች ብቻ ነው። ‹ደም ያለበት ቦታ እንዳታኖሪው፣ ለሚስቴ ስጪልኝ› ብሎ ለመነኝ።»

ሸሪፋ የሟቹን ሚስት ዙቤይዳን አስጠራች። ሁሉም ባሉበት ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ ይህቺ ልጅ ክታቡን ስትሰጥዎት ምን ሰሙ?»

«ያ ረቢ! እያለቀስኩ ነበር፣ አቅፋኝ ቆየች። ውስጥ መሰርሰሪያው ሲጮህ ዘለልኩ። ‹አይዞዎት፣ አጥንቱን እየጠገኑት ነው› አለችኝ።»

ሸሪፋ ወደ ሪያድ ዞረች። «ምስሉ ላይ ክታቡ አለ። ስለዚህ የተነሳው ልጅቷ ከመውጣቷ በፊት ነው። መሰርሰሪያው ሲጮህ ግን ክታቡም እሷም ውጭ ናቸው። ማሽኑ አዲስ ምስል ካልተነሳ አሮጌውን ይዞ እንደሚቆይ ይኸው እያየን ነው። ዶክተር፣ የሰረሰሩት በአሮጌ ምስል ነው። ለምን አልጠበቋትም?»

የሪያድ ዓይን ወደ መስቀያው ሄደ። ሸሪፋ እሱ ለብሶት የነበረውን የጨረር መከላከያ ሽርጥ ከመስቀያው አነሳች። መሃሉ ተሰንጥቋል፤ ጨረር ያሳልፋል።

«ልጅ መውለድ እምቢ ብሎኛል» አለ ሪያድ። «ጨረሩን ፈራሁት። አንድ ምስል እንኳ ቢቀርልኝ ብዬ ልጅቷ ሳትመለስ ልጨርስ አልኩ።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሰልሳቢል ልትከተላቸው ስትል ዙቤይዳ ክንዷን ያዘቻት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለቻት። «አቅፈሽኝ አይዞዎት ስትይኝ፣ ያኔ ነው የተወጋው?»

ሰልሳቢል ልትዋሽላት ፈለገች። ሴትየዋ ዓይኗን አልነቀለችም።

«አዎ» አለቻት።