ጋሼ የነኩት ብረት

የኮምፒውተር ሱቁ ባለቤት ጋሼ ከመገጣጠሚያው ጠረጴዛ ሥር በጎናቸው ወድቀው ሞተዋል። መነጽራቸው እንኳ ከአፍንጫቸው አልወረደም። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ በግማሽ የተገጠመ ኮምፒውተር ጎኑ ተከፍቶ ተቀምጧል።

ገጣጣሚዋ በሩ ጥግ ቆማለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ሱቁ ውስጥ «ሚጢጢ» ነው የሚሏት፤ ዛሬ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። የዚያን ኮምፒውተር ዕቃዎች የመረጠችው እሷ ናት።

ያዘዘው ደንበኛ ሾፌር ነው። «ቀኑን ሙሉ ሰው እየሰደበኝ እነዳለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ሳልሰደብ ልንዳ» ብሎ የመኪና እሽቅድድም ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ፈለገ። ኪሱ ግን እንደ ምኞቱ አልሆነም። ሚጢጢ ጌጠኛ መብራቶቹን ሰረዘች፤ ሳጥኑን ተራ አደረገች፤ ሜሞሪውን ያገለገለ መረጠች። ያም ሆኖ የጌሙን ምስል የሚያወጣው ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በገንዘቡ አልገዛ አላት። በመጨረሻ ጋሼ ሺህ ጊዜ «በእሱ እንዳትቆጥቢ» ካሏት ዕቃ ላይ ቆጠበች፤ ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ከፓወር ሰፕላዩ። ስም የሌለው፣ በእጅ ሲይዙት እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል ርካሽ አመጣች። ጋሼ ትናንት አይተውት ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

«ገድያቸዋለሁ» አለች በልቧ። ወደ ኮምፒውተሩ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

መርማሪዋ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ገብተው ወለሉን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ ሬሳውን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

«መጀመሪያ የደረሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ የጋሼ ታናሽ ወንድም። «ጓዳ ነበርኩ። ሲጮህ ሮጬ መጣሁ። ከዚያ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ጭስ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት፤ ግን ምን ዋጋ አለው?» ጣቱን ወደ ሚጢጢ ቀሰረ። «ይቺ ናት የመረጠችው። እስቲ ይጠይቋት!»

መርማሪዋ ወደ ሚጢጢ አልዞሩም።

«የነቀልከው የቱን ገመድ ነው?»

«ይኸው፣ ይሄንኑ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።» ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ጥቁር ገመድ አሳየ።

መርማሪዋ ወደ ሚጢጢ መጡ።

«እኔ ነኝ እትዬ» አለች ሳይጠይቋት። «ይሰሩኝ።»

«ስለ እስር ማን አነሳ? ይልቅ ጋሼሽ ሥራ ሲጀምሩ ምን እንደሚያደርጉ ንገሪኝ።»

«የፓወር ሰፕላዩን ገመድ ግድግዳው ላይ ይሰኩታል፤ ማብሪያውን ግን አያበሩትም። ከዚያ የኮምፒውተሩን ሳጥን ብረት ይነካሉ። እጅ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ አለ፤ ዕቃ ያቃጥላል። ብረቱን ሲነኩ በገመዱ አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል። በግራ እጃቸው ያንን የብረት መደርደሪያ ይደገፋሉ፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው።»

«ሳይነኩ የጀመሩበት ቀን አለ?»

«ኧረ በፍጹም!»

መርማሪዋ ጎንበስ ብለው የፓወር ሰፕላዩን ማብሪያ አዩ። ጠፍቷል።

ሾፌሩን ውጭ አገኙት፤ ኮፍያውን እየጨመቀ ነበር።

«እኔ ነኝ ‹አሳንሺልኝ› እያልኩ ያስጨነቅኳት» አለ። «ጩኸቱን ሰምቼ ከመንገድ ማዶ ሮጬ ስደርስ ወንድምየው በሩን ከውስጥ ዘግቶት ነበር። ደብድቤ ደብድቤ ነው የከፈተልኝ። ልጅቷም የመጣችው ከእኔ በኋላ ነው።»

«ወንድማማቾቹ ይስማማሉ?»

«ትናንት ሲጣሉ ሰምቻለሁ። ይሄኛው የአባታቸው ቤት ከነሱቁ ይሸጥ ይላል። ጋሼ ደግሞ ‹ሬሳዬ ሳይወጣ አይሸጥም› አሉት።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ወንድምየው፣ ሚጢጢና ሾፌሩ ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ።

«ማብሪያው ጠፍቷል» አሉ መርማሪዋ። «ያልበራ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አይጨስም። እስቲ ልጄ፣ ይሄን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰኪልኝ።»

«እኔ?» አለች ሚጢጢ።

«የግድግዳው ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው ተቋርጧል፤ አትፍሪ።»

ገመዱን እንደ እባብ በሁለት ጣቷ ይዛ ጎተተች። ተወጠረ። ግድግዳው ግን ገና ነበር። ዳግመኛ ሳበችው።

«አይደርስም!» አለች። ድምፅዋ ተመለሰ። «ጋሼ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ረጅሙን ነው የሚጠቀሙት፤ ይሄ የእሳቸው አይደለም!»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞሩ። «ከዚህ ተስቦ ግድግዳው ጋ የማይደርስ ገመድ፣ አንተ ከግድግዳው ነቀልኩት አልክ።»

«ደንግጬ ነበር... የቱ እንደሆነ...»

«ጭሱንስ?» የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍተው፣ ሲፈትሹ ያገኙትን እንደ ጣሳ የሚቀል ዕቃ አወጡ። ከላስቲኩ አልወጣም። «ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ይኸውልህ። የልጅቷን ምርጫ ታውቃለህ፤ ጋሼ እንደቀየሩት ግን አታውቅም። ሊገጠም የነበረውን እንጂ የተገጠመውን አላየህም።»

ከዚያ አንድ ፖሊስ ከጓዳው፣ ከውዳቂ ሽቦዎች ሥር ያገኘውን ረጅም ገመድ አስቀመጠ። ሶኬቱ ተፈትቷል።

«ወደ መሬት መውረድ የነበረበት ሽቦ ኤሌክትሪኩ ከሚመጣበት ጋር ታስሯል። ወንድምህ በግራ እጃቸው መደርደሪያውን ይዘው ለጥንቃቄ የሚነኩት ብረት መግደያቸው ሆነ። ከጮኹ በኋላ በሩን ዘግተህ ገመዱን ቀየርክ። ስትጣደፍ ግን ከገመዶቹ ካርቶን ያነሳኸው አጭር ነበር።»

ወንድምየው መደርደሪያውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ቤቱን እንሽጥ ብቻ ነበር እኮ ያልኩት» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ።

ሲወስዱት ሚጢጢ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ ውስጥ አየች። ከታች የተቀመጠው ፓወር ሰፕላይ ከባድ፣ ጠርዙ የተፋቀ፣ አቧራው በብሩሽ የተጠረገ ነው። ታውቀዋለች። ከጋሼ ከራሳቸው ኮምፒውተር የተፈታ ነው።

«ምንም አላሉኝም» አለች።

«ሊነግሩሽ አስበው ይሆናል» አሉ መርማሪዋ። «መጀመሪያ ግን ስህተትሽን አረሙት።»

ከቀብሩ በኋላ ሾፌሩ ተመልሶ መጣ። «ኮምፒውተሬን ካንቺ ሌላ ሰው እንዳይነካው» አላት። «ደግሞ አልቸኩልም። ሾፌር እንዲህ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሚጢጢ በወጉ አልሳቀችም። አዲስ ረጅም ገመድ ሰካች። ማብሪያውን አላበራችም። እጇ ብረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። የኤሌክትሪክ መፈተሻውን ጠመንጃ መፍቻ አንስታ ብረቱን ነካች። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራው የእጀታው መብራት አልበራም። እንደገና ነካች። አልበራም።

ጠመንጃ መፍቻውን አስቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን አሳረፈች።

ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።