የወይዘሮ ቨርና ነጻ ወር

ቲርኒ ሁዴክ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሌሊት ሥራዋ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ቤቱ ታፍኖ ጠበቃት። አያቷ ወይዘሮ ቨርና በቀኝ ጎናቸው ተኝተዋል። መነጽራቸው ራስጌያቸው ላይ በወጉ ተቀምጧል፤ ጉንጫቸው ከብርድ እንደገባ ሕፃን ቀልቷል። ልጅቱን ያታለላት ያ ቅላት ነው።

«አያቴ፣ ረፍዷል እኮ» አለች፤ እጃቸውንም ያዘች። እጁ የሬሳ እጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ እግሯ ከዳት። በረንዳውን ሊጠርግ አካፋ ይዞ የወጣው ጎረቤት ሎይድ ፕራት፣ የተከፈተውን በር አይቶ ገብቶ ባይጎትታት ኖሮ ከዚያ ቤት በአንድ ጠዋት ሁለት ሬሳ ይወጣ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስታሽግ ያደረች፣ እህል በአፏ ያልዞረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በኦሃዮ በረዶ ላይ በካልሲ ቁጭ ብላ ነበር የሸሪፉ ሰዎች የደረሱት።

የሞቱ ምክንያት ለማወቅ አላስቸገረም። ምድር ቤት ያለው የማሞቂያው የጭስ ቧንቧ ከመጋጠሚያው ወልቋል። ሽታ የሌለው መርዝ ቤቱን ሞልቶታል። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው፣ ይህን መርዝ ሲያገኝ የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ደወል ግን ድምፅ አላሰማም። ሲከፍቱት ሆዱ ባዶ ነው።

«ባትሪ ድንጋዮቹን ማን አወጣቸው?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«እኔ» አለች ቲርኒ። «በገና ሰሞን። ለቴሌቪዥኑ ሪሞት።»

ይህች አንዲት መልስ ልጅቱን ገደል ከተተቻት። ዐቃቤ ሕጉ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው አለ። አጎቷ ኬንት ሁዴክ፣ ለወይዘሮ ቨርና የቀራቸው አንድ ልጅ፣ በቀብሩ ዕለት ሰው ፊት «እናቴን በሪሞት ለወጠቻት» ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልዋጥ አላት፤ ክሱ ሳይመጣ ራሷ በራሷ ላይ ፈርዳ ጨረሰች። ዐቃቤ ሕጉ ክስ ለመመሥረት የሚወስነው ፌብሩዋሪ አሥራ አራት ቀን፣ ዓርብ ነበር።

ዓርብ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ቲርኒ ወደ ሸሪፉ ቢሮ መጣችና ስልኳን መርማሪ ኢርማ ስቶል ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ኢርማ ስልሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ጥቂት ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ናት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቅዳሜ የባንክ መልእክት መጣልኝ። አያቴ ትንሹን ጽሑፍ ስለማታይ መልእክቱ በእኔ ስልክ እንዲመጣ አስደርጋ ነበር። ከእሷ ካርድ አሥራ አምስት ዶላር ተቆርጧል፤ ለዚያ የኢንተርኔት ሱቅ አባልነት።»

«ሰው ሲሞት ካርዱ አብሮ አይሞትም፣ ልጄ። ለሙከራ የሚሰጡትን ነጻ ወር ወስደው ይሆናል፤ ወሩ ሲያልቅ ራሱ ከፍሎ ይቀጥላል። እኔንም ሁለት ዓመት ሙሉ በልቶኛል።»

«አያቴን አይበላትም። ለዚህ ነገር አትከፍልም። ሞታም አትከፍልም!» ካለች በኋላ ያለችው ነገር ለራሷ አስደንግጧት አፏን ያዘች።

ኢርማ ወንበር ሳበችላት። «እሺ፣ እንዴት እንደማይበላቸው ንገሪኝ።»

«ነጻውን ወር የምትከፍተው አንድ ነገር በቶሎ እንዲደርስላት ስትፈልግ ብቻ ነው። ካዘዘች በኋላ እዚያው ቁጭ እንዳለች ትሰርዘዋለች። ብትሰርዘውም ወሩ እስኪያልቅ ይሠራላታል። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ‹ስክሪኑ ሳይቀዘቅዝ ሰርዥው› እያለች ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ ትሰብክ ነበር።»

«አጎትሽስ ያውቃል?»

«አጎቴ ሲመጣ ስለ ቤቱ ሽያጭ ነው የሚያወሩት። ሌላ ወሬ የላቸውም።»

ኢርማ ሁለት ነገር አደረገች። መጀመሪያ ለሱቁ የሚላክ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስጻፈች። ቀጥሎ ኮቷን ደርባ ልጅቱን ወደ ቤቱ ወሰደቻት።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር አቁማ ወጣችና አሮጌውን ደወል ከነማቀፊያው ነቀለችው። ከኋላው ግድግዳው ላይ አራት ቀዳዳዎች ነበሩ። ሁለቱ ቀለም የተቀባባቸው የዱሮ ናቸው፤ የደወሉ ብሎኖች የወጡት ከእነሱ ነው። ሁለቱ ግን ከእነዚያ በአንድ ጣት ሰፍተው የተበሱ፣ በጥፍሯ ስትነካቸው ነጭ ዱቄት የሚያፈሱ ነበሩ።

«ቲርኒ፣ ይህን ግድግዳ ማን በሳው?»

«አላውቅም። እኔ ቀን ተኝቼ ነው የምውለው፤ ደወሉን ቀና ብዬ አይቼውም አላውቅ። አያቴ ደግሞ ወንበር ላይ አትወጣም፤ ዳሌዋ በቀዶ ጥገና ተቀይሯል።»

«ባትሪውን መውሰድሽን ነግረሻቸው ነበር?»

«አዎ። ከገና በኋላ፣ ሥራ ስገባ በር ላይ። ‹ተይው፣ እኔ አበጀዋለሁ› አለችኝ።» ልጅቱ ግድግዳውን ላለማየት ፊቷን አዞረች። «እኔም ተውኩት።»

ከዚያ ኢርማ ሎይድ ፕራትን በጓሮ በሩ በኩል አገኘችው። ማሞቂያውን በመከር የጠገነው እሱ ነው፤ የቤቱ ቁልፍም አለው። የመንደሩ ሰው በሹክሹክታ ከልጅቱ ቀጥሎ የሚያነሳው የእሱን ስም ነበር።

«ቧንቧውን ያጠበቅሁት በዚህ እጄ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «በሦስት ብሎን። ሦስት ብሎን በአንድ ክረምት ራሱን አይፈታም። ይህን ለፖሊሶቹ ነግሬያለሁ። ሽማግሌ ነው፣ ረስቶት ነው ብለው ተዉኝ።»

«ረስተውት ይሆን?»

«ዕድሜዬን እረሳለሁ፤ ብሎን አልረሳም።»

«ረቡዕ ምሽት፣ ከመሞታቸው በፊት፣ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ቨርና የቤተ ክርስቲያን እራት ሄዳለች። እኔ የሚስቴን እግር እያሸሁ ነበር። ምስክሬ ሚስቴ ናት፤ እሷ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው የምትተኛው።»

«የዚያ የኢንተርኔት ሱቅ አባል ነዎት?»

ሎይድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ስድስት ዓመቴ። ቨርና ‹አንተ ጅል፣ ወጥመድ ላይ ያለውን አይብ በልቶ መውጣት ሲቻል ገብተህ ተኛህ!› ትለኝ ነበር። እኔ ግን የሚስቴ የእግር ካልሲ፣ የውሻው ምግብ፣ ሁሉም በር ድረስ ይመጣልኛል። በረዶ ላይ ወድቄ ዳሌዬን ከምሰብር እከፍላለሁ። ላላስፈለገው ሰው ነው ዝርፊያ የሚሆነው። ለእሷ ዝርፊያ ነበር፤ ለዚያ ነው ሳይደርሱባት የምትሰርዘው። በነጋታው ደግሞ መጥታ ትፎክርብኛለች።»

ኬንት ሁዴክ የሚኖረው አርባ ደቂቃ ርቆ ነው። በክረምት በረዶ የሚጠርግበት ቀይ መኪናው ደጁ ላይ ቆሟል። ማክሰኞ ዕለት ኢርማ ስትሄድ ወደ ውስጥ አላስገባትም።

«ከገና ወዲህ እናቴ ቤት አልሄድኩም። ተጣልተን ነበር፣ አልደብቅም። ቤቱን ለልጅቱ ልትሰጥ ነበር። ለዓርብ ጠበቃ ቀጥራ ነበር፤ ሐሙስ ሞተች።»

«ያሳዝናል።»

«ሞኝነት ነው የሚያሳዝነው። ገንዘብ አያያዝ አታውቅም። በየመደብሩ አባልነት ትገባለች፣ ትረሳዋለች፣ እነሱ ይቆርጡባታል። ስንቴ ነገርኳት መሰለዎት!»

«ነጻውን ወር እንኳ አይሰርዙም ነበር?»

«እሷ? አንዴም ሰርዛ አታውቅም» አለና ኬንት በሩን ዘጋው።

የሱቁ መልስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ኢርማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሦስቱንም ወደ ወይዘሮ ቨርና ወጥ ቤት ጠራቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆሙ። ቲርኒ ከማሞቂያው ርቃ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ኮቷን አውልቃ አታውቅም።

«ረጅም አይደለም» አለች ኢርማ። «ጃንዋሪ ዘጠኝ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ወይዘሮ ቨርና ነጻውን ወር ከፈቱ። አንድ ዕቃ ብቻ አዘዙ፣ በነጋታው እንዲደርስ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ አባልነቱን ሰረዙ። አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

«አላልኳችሁም? ስክሪኑ ሳይቀዘቅዝ!» አለ ሎይድ።

«ዕቃው የጭስ መርዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው።»

ቲርኒ ቀና አለች።

«አዲስ። ባትሪው ውስጡ የታሸገ፣ ለአሥር ዓመት የማይወጣ። ግድግዳው ላይ ያሉት አዲስ ቀዳዳዎች የእሱ ናቸው። ተሰቅሎ ነበር። ረቡዕ ማታ ቢኖር ኖሮ መንደሩን ይቀሰቅስ ነበር። ወይዘሮዋ እራት በሄዱበት አንድ ሰው ገብቶ አዲሱን አወረደ፤ አሮጌውን ባዶ ደወል በቦታው መለሰ፤ ምድር ቤት ወርዶ የሎይድን ሦስት ብሎን ፈታ። ሞቱ የልጅቱ ጥፋት እንዲመስል ባትሪው አስቀድሞ ወጥቶለታል።»

«ማን ነው የሚሉት?» አለ ኬንት። «ቁልፉ ሦስታችንም ጋ አለ።»

«እውነት ነው። ሎይድ ብቻውን ነበር። ቲርኒ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ የምትሠራበት መጋዘን በር ላይ መኪናዋ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ያያት የለም። እርስዎም ብቻዎን ነበሩ። ስለዚህ ሰዓት አይረዳንም። የሚረዳን ሌላ ነው።» ወረቀቱን ገለጠች። «ያ ሰው አንድ ስጋት ነበረው። ነጻው ወር ሲያልቅ ክፍያው በቲርኒ ስልክ ይመጣል፤ እሷም ‹አያቴ ምን ገዝታ ነው?› ብላ ትጠይቃለች። እንዳይመጣ የወይዘሮዋን ታብሌት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ከፈተ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ላይ የደወሉን ትእዛዝ ከግዢ ዝርዝሩ ደበቀ። አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ደግሞ አባልነቱን ሊሰርዝ ሞከረ። በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አርባ ሰው ወይዘሮ ቨርናን ዶሮ ሲበሉ እያየ ነበር።»

«ግን ተሰርዞ ነበር እኮ» አለች ቲርኒ ቀስ ብላ።

«አዎ። አንቺ ታውቂያለሽ፤ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ። ሎይድም ያውቃል፤ ስድስት ዓመት ተሰድቦበታል። የተሰረዘን ነገር ሊሰርዝ የሚሞክረው፣ ወይዘሮዋ አይሰርዙም ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው። ማክሰኞ ዕለት እንዲህ ያለኝ አንድ ሰው ነው።»

ኬንት ሳቀ። «በዚህ ልትከሱኝ ነው? ከገና ወዲህ እዚህ አልረገጥኩም አልኩ።»

ኢርማ ፎቶ አኖረች። ዕቃ አድራሹ ጃንዋሪ አሥር ቀን ካርቶኑን በረንዳው ላይ ሲያስቀምጥ ያነሳው ነው። ከካርቶኑ ኋላ፣ ግቢው ውስጥ፣ የበረዶ መጥረጊያ የተገጠመለት ቀይ መኪና ከነሰሌዳው ይታያል።

«በረዶ ጠረግኩላት። ረስቼው ነው። ይኼ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። እናትዎ ዳሌያቸው ታሞ ወንበር ላይ አይወጡም፤ ‹ይህን ስቀልልኝ› ማለታቸውም ወንጀል አይደለም።» ኢርማ ድምጿን ሳታነሳ ቀጠለች። «የሚገርመኝ ግን ችኮላው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያ ሰው ትንሽ ቆሞ ቢያነብ ኖሮ ክፍያው ባልመጣ፣ እኔም እዚህ ባልቆምኩ። ‹አባልነቴን አድስልኝ› የሚል ትልቅ ቢጫ ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ተደቅኖ እያለ እንዴት ዝም ብሎ ይጫነዋል? ማንበብ የማይችል ደንቆሮ...»

«አድስልኝ አይልም!» አለ ኬንት። «‹ለውጡን አረጋግጥ› ነው የሚለው! ማንም ሰው...»



ሎይድ በዝግታ ዞረ። «ስድስት ዓመት ስጠቀምበት እንዲህ የሚል ነገር አይቼ አላውቅም፣ ኬንት።»

«አያዩትም» አለች ኢርማ። «የሚመጣው የተሰረዘ አባልነት ውስጥ ለገባ ሰው ብቻ ነው። ሱቁ ሰው ተሳስቶ እንዲመለስ ሆን ብሎ ነው እንዲያ የጻፈው። በዚህች አገር ስንት ሺህ ሰው ያታልላል። ረቡዕ ምሽት አንተን አታለለህ፤ እናትህ የሰረዙትን መልሰህ ከፈትከው።»

ኬንት ጠረጴዛውን ይዞ ተነሳ። ፖሊሶቹ ክንዱን ሲይዙት አልታገለም። «አስቀድማ መክራኝ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። አዲሱን ደወል ያን ዕለት በኬንት ጋራዥ ውስጥ፣ የቀለም ቆርቆሮ ስር አገኙት።

ኢርማ በሩ ላይ አስቆመችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ጭስ ውስጥ እንደምትገባ ታውቅ ነበር። አይደለም?»

ኬንት ወለሉን አየ። ይህንም አይተው ወሰዱት።

ቲርኒ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሎይድ ሾርባ ሊያሞቅ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ካልበላች አልለቃትም ብሎ። ኢርማ ወረቀቱን አጥፋ ልትወጣ ስትል ልጅቱ ጠራቻት።

«እትዬ ኢርማ። ባትሪውን እኔ ባላወጣው ኖሮስ?»

«አሮጌውን ደወል ያወርድ ነበር። አንቺ የወሰድሽውን አያትሽ አዲስ ገዝተው ተክተውታል። የሞቱት ባንቺ ባትሪ አይደለም።»

«እውነት ለራሷ ነው የገዛችው? እሷ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አትፈራም።»

ኢርማ የሱቁን መልስ የመጨረሻ ገጽ አወጣች። ወይዘሮ ቨርና ያን ጠዋት ዕቃ ሲፈልጉ የጻፉት ነበር፤ በትልልቅ ፊደል፣ ሱቁን ሰው አድርገው የጠየቁበት። ጮክ ብላ አነበበችላት።

«‹ሌሊት ሠርታ ቀን ምድር ቤት ከማሞቂያው አጠገብ ለምትተኛ ልጅ፤ እንቅልፏ ከባድ ነው፤ በጣም የሚጮህ።›»

ልጅቱ ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልመጣላት ልቅሶ መጣ። ኢርማ ስቶል አልከለከለቻትም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሎይድ ሾርባውን ይዞ እስኪመለስም አልተነሳችም።