የጢስ ጡብ

ቡሽ ሣጥኑን ሲቀበል ወደ ኋላው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከባድ መስሎት ወገቡን አጥብቆ ነበር የተዘጋጀው።

ሣጥኑ ባዶ ነበር። ወይም ባዶ መሰለ።

«እየቀለድሽ ነው?» አላት ሣጥኑን ያቀበለችውን ኬሚስት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አትነቅንቀው!» አለች ኬሚስቷ። «ሙሉ ነው።»

የመኪና እጥበቱ ግቢ በጫጫታ ተሞልቷል። ከቦቴው ጀርባ፣ አረፋ ላይ ቆመዋል። ለሚያያቸው ሰው በተራ የሚጨቃጨቁ ደንበኞች ናቸው።

ቡሽ የስለላ ስሙ ነው፤ የትም ቢጥሉት ይንሳፈፋል ብለው ያወጡለት። እዚህ ግን የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው። ከሩቅ ንጹህ ውሃ እየጫነ ለማዕድን ኩባንያው አለቆች ግቢ ያመላልሳል። ውሃ የሚያመጣን ሰው መታወቂያ የሚጠይቅ ዘበኛ ገና አልተወለደም። ምላሱም ከቦቴው ይረዝማል። አንድ ቀን ቦቴው ውስጥ አዞ ተኝቷል ብሎ ለዘበኞቹ ነግሯቸው፣ ሳይፈትሹ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ በሩን ከፍተውለታል።

ከአጥሩ ውጪ ያለው የሠራተኞች ሰፈር የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ዩራኒየም አለ። አለቆቹ ያውቃሉ። ሰፈሩ አያውቅም። ቡሽ ክፍል የተከራየባቸው እትዬ ጠዋት ጠዋት ፊታቸው አብጦ ይነሳሉ። ኩላሊታቸው ነው። እሳቸው ግን «እንቅልፍ አብዝቼ ነው» ይላሉ።

«ኤሮጀል ይባላል» አለች ኬሚስቷ ሣጥኑን በዓይኗ እየጠቆመች። «የረጋ ጢስ በለው። ጡብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አየር ነው፣ እልፍ ቀዳዳ። ውሃው ያልፍበታል። ዩራኒየሙ ተጣብቆ ይቀራል።»

እሷ ሠርታው ኩባንያው ቆልፎበት ነበር። አወጣው ማለት ውሃው መመረዙን አመነ ማለት ነዋ።

«አጎት ለሰፈሩ ያደርሰዋል፤ ቃል ገብቶልኛል» አለ ቡሽ።

አጎት የስለላ አለቃው ነው። በሥራ እንጂ በሥጋ አይዛመዱም።

«አጎትህ ትናንት ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ስንት ሰው ያጠጣል ብሎ አልጠየቀኝም። የተጣበቀውን ዩራኒየም መልሶ ማውጣት የሚቻለው እንዴት ነው ብሎ ነው የጠየቀኝ።»

ቡሽ ሣጥኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

ነጭ ፒካፕ ገባ። ሊታጠብ አይደለም፤ ንጹህ ነው።

ሁለት ሰዎች ወረዱ።

ይህን ቀጠሮ ከቡሽና ከኬሚስቷ ሌላ የሚያውቀው አጎት ብቻ ነው።

«ሂድ» አለችው። «ጡቦቹን በጉድጓዱ ማጣሪያ ልክ ነው የሠራኋቸው። አስገባና ክዳኑን አጥብቀው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ተራዬን አላስነጥቅም።»

ወደ ሰዎቹ ሄደች፤ እየጮኸች፣ ተራ ነጣቂዎች እያለች። አጣቢዎቹ ሁሉ ዞሩ። ቡሽ ቦቴውን አስነሳ። በመስታወቱ አያት። አንደኛው ክንዷን ይዟታል።

አልቆመም።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሣጥኑን ሥር በቢላ ሰነጠቀ። ኬሚስቷ ከላይ ያሸገችበትን ቀይ ፕላስተር አልነካውም። ሰማያዊ ጢስ የመሰሉትን ጡቦች አውጥቶ ወንበሩ ሥር ደበቃቸው። ሥሩን በጎማ ማጣበቂያ መልሶ ለጠፈው። ሣጥኑን አነሳው። አስቀመጠው። ደግሞ አነሳው።

ከሙሉው አይለይም።

አጎት ጎሚስታ ቤት ጓሮ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«ደህና ነህ ልጄ? ጤናህስ? የተከተለህ ሰው የለም?»

«ከጥላዬ በቀር ማንም። እሱም ደክሞት መንገድ ላይ ቀርቷል።»

አጎት ሣጥኑን በእጁ መዘነ። ዓይኑ ጠበበ።

«ምንም ክብደት የለውም እኮ።»

«ጢስ ነው አጎቴ። ጢስ ስንት ኪሎ ይመዝን ነበር?»

አጎት ጃኬቱን ገለጥ አደረገ። ሽጉጡ ታየ። በሌላ እጁ ጥፍር የቀዩን ፕላስተር ጫፍ መላጥ ጀመረ።

ቡሽ አዛጋ። ማዛጋቱ የሐሰት ነበር።

«ላጠው፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ገዢዎችህ ማሸጊያው ተቀዶ ሲያገኙት ግን ግማሹን ማን በላው ይላሉ። ያኔ እኔ የለሁም።»

ጥፍሩ ቆመ።

«ገዢ አለ ያለህ ማነው?»

«እጅህ። አሁን ሲቆም።»

አጎት ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ሳቀ። ፕላስተሩንም በአውራ ጣቱ መልሶ ደፈጠጠው። ተሸካሚ ማሸጊያ አይነካም፤ የነካ አይከፈለውም፣ ይቀበራል። ቡሽን ይህን ያስተማረው ራሱ አጎት ነው።

«ኬሚስቷስ?» አለ ቡሽ።

«የቷ ኬሚስት?»

ቡሽ እንደማትመለስ ገባው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጨበጠ፤ አጥንቱ እስኪንቋቋ።

«ቦቴውን ጥለህ ጥፋ» አለ አጎት። «ሌላ ስም እልክልሃለሁ።»

«እሺ አጎቴ።»

ስሙ እንደማይላክ አውቋል። የአጎት ገዢዎች አየር ገዝተው ዝም የሚሉ ዓይነት አይደሉም። አጎት ከእነሱ ከተረፈ ደግሞ የሚፈልገው ቡሽን ነው።

ማምሻውን የጉድጓዱን ማጣሪያ ፈትቶ ጡቦቹን አንድ በአንድ ደረደረ። ክዳኑን አጠበቀ።

በማግስቱ ጠዋት የጉድጓዱ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ ጋ ሴቶች ተሰልፈዋል። እትዬ ባበጠ ፊታቸው ከኩባያቸው ተጎነጩና ተፉት።

«ኤጭ! ምን ነካው ይሄ ውሃ? ጣዕሙ የት ሄደ?»

«የዝናብ ውሃ ሆኗል እኮ» አለች ጎረቤታቸው።

«ያቺ ብረት ብረት የምትል ነገር ነበረችው፤ እሷ ነበረች ጥም የምትቆርጠው! ቧንቧውን የነካካ አለ። እጁ ይሰበር!»

ቡሽ ቦርሳውን አንግቶ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ቀርቦ ቢሰናበት «ወዴት?» ይሉታል። ቢነግራቸው ያንኑ ጥያቄ ይዘው ሌሎች ይመጡባቸዋል። ጡቦቹ አንድ ቀን በዩራኒየም ይሞላሉ። ሌላ ጡብ መሥራት የምታውቀውን ሴት እያያት ትቷት ሄዷል።

እትዬ እያጉረመረሙ ኩባያውን ጨለጡት። ደግመው ቀዱ።

«አሜን» አለ ቡሽ ለእጁ እርግማን፣ ማንም ሳይሰማው።

በሰልፉ ጎን አልፎ ወደ አውቶቡሱ ሲሄድ ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።