የተከሰሰው ቤት

ኢንጂነር ኪዳነወልድ ሞቶ የተገኘው ራሱ ባደሰው ጣሪያ ሥር ስለነበር፣ ሐረር ገና ረፋዱ ሳይደርስ ገዳዩን አውቃ ጨርሳ ነበር። ገዳዩ ቤቱ ነው። ከፈረስ መጋላ እስከ ፈላና በር ያለው ወሬኛ ሁሉ «የጭቃ ጣሪያ በላው» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። ፖሊሱ ሻምበል ወልደ ጊዮርጊስ ግን ወሬ ሲበዛበት የሚተኛ ሰው አልነበረምና አስከሬኑ ሳይነሳ ደረሰ።

ቤቱ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩት የአሮጊቷ የወይዘሮ ሐሊማ ነው። በአንድ ግቢ ዙሪያ ያሉት አራት ያረጁ ቤቶች ፈርሰው የሲሚንቶ ፎቅ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ ኪዳነወልድ ተቃወመ። ቤቶቹ በገዛ ድንጋያቸው፣ በገዛ አፈራቸውና እንጨታቸው ይታደሱ፤ የውሃ ጉድጓዱና ግቢው የአራቱም ቤተሰብ የጋራ ሆኖ ይቀጥል፤ ማንም ድርሻውን ለብቻው አይሽጥ አለ። ለናሙና ያደሰው የወይዘሮ ሐሊማን ቤት ነበር፤ ጭቃው እስኪደርቅ እሳቸው ጎረቤት ያድሩ ነበር። ናሙናው ከቆመ ሌሎቹም ይተርፋሉ፣ ከወደቀ ግን ሁሉም ይፈርሳሉ። የከተማው ሹማምንት ሊወስኑ የቀጠሩት አስከሬኑ ለተገኘበት ለዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር።

አስከሬኑ በጀርባው የተጋደመው፣ ሐረሮች ነደባ በሚሉት በቀይ አፈር በተለቀለቀው ከፍ ያለ መደብ ላይ ነው። አፈርና እንጨት ደረቱን ሸፍኖታል፤ ራሱ ከኋላ ተፈርክሷል። ሻምበሉ እጁን ከሟቹ ጀርባ ሥር ሰደደ፤ የዘገነውንም መዳፉ ላይ ዘርግቶ አተኩሮ አየው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። አንድ ጥንድ ቡት ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ በግራው ላይ የእግር መደገፊያ ብረት ተያይዟል። የግራው ማሰሪያ በቢላ ተቆርጧል።

የሟቹ ሚስት ሰገነት እንደገባች ከባሏ ፊት በፊት ያየችው ያንን ጫማ ነው።

«ይህንን ማን አወለቀው?» አለች።

«ራሱ ቢሆንስ?» አላት ሻምበሉ።

«አይችልም። በጣሊያን ጊዜ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ እኔ ነኝ የማወልቅለት። እትዬ ሐሊማ ከነጫማው እንዲገባ ፈቅደውለት፣ እዚህ ሲመጣ ታችኛው መደብ ጫፍ ላይ ይቀመጥና እግሩን መሬት ያሳርፋል።»

«ለማውለቅ ማሰሪያውን መቁረጥ ያስፈልጋል?»

«ለምን ተብሎ? ከኋላው ዘለበት አለው። እሱ ሲላቀቅ በቃ ይወልቃል» አለች፤ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ፎቁን ሊሠራ የቋመጠው ኮንትራክተር አባይነህ ሳይጠራ መጣ። አስከሬኑ ገና መነሳቱ ነው። እሱ ግን ጫማውን እንዳደረገ ነደባው ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ቀዳዳ በከዘራው ያሳይ ጀመር። ወይዘሮ ሐሊማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አልተናገርኩም? ሲሚንቶ ቢሆን ይህ ሰው ዛሬ ይኖር ነበር።»

«ከዚህ ቤት ሰው ጋር የተዋዋሉት ነገር አለ?» አለው ሻምበሉ።

«ለልጃቸው ለዓሊዪ ከፎቁ ሥር አንድ ሱቅ ቃል ገብቼለታለሁ። ምነው፣ ሱቅ መስጠት ነውር ሆነ?»

ዓሊዪ የወይዘሮ ሐሊማ አንድ ልጅ ነው። ጣሪያውን ከኪዳነወልድ ጋር የሠራውም እሱ ነበር። «ቤቱ አርጅቷል ሻምበል። መክሬው እምቢ አለኝ» ብሎ አቀረቀረ።

ወይዘሮ ሐሊማ ሻምበሉን ግቢው ውስጥ ብቻውን አገኙት።

«ይህን ቤት የአባቴ አባት ነው የሠራው። ወላሂ ሰው አይገድልም። ውሸት ነው።»

«እማማ ሐሊማ፣ ቤቱ ካልገደለ የገደለው ሰው ነው። ልተወው?»

«እንዴት ትተወዋለህ? ዛሬ ሊፈርዱበት አይደል? አራት ቤተሰብ የት ሊወድቅ ነው? አላህ ያሳይህ፣ ማንም ይሁን አውጣው።»

ሻምበሉ ያን ጊዜ ገዳዩ ማን እንደሆነ ልቡ አውቆታል። ሊነግራቸው ይችል ነበር፤ አልነገራቸውም። እንዲህ ያለ ጭካኔ እንደነበረበት የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ።

ከሰዓት በኋላ የሹማምንቱ ተወካይ ሲደርስ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«የተከሰሰው ቤቱ ነውና ከሱ እንጀምር» አለ። «ጣሪያው የወደቀው በኪዳነወልድ ላይ ቢሆን ኖሮ አፈሩ ከላዩ ብቻ ይገኝ ነበር። እኔ ግን ከጀርባው ሥር የዘገንኩት የጣሪያ አፈር ነው። ጣሪያው ቀድሞ ወርዷል፤ ሰውየው ሌላ ቦታ ራሱን ተመትቶ ሞቶ ኋላ እዚህ ተጋድሟል፤ ከዚያ አፈርና እንጨት ተጫነበት። ላይ ወጥቼም አይቻለሁ፤ እንጨቱ የዶማ ምት አለበት። ቤቱ አልገደለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ወይዘሮ ሐሊማ። ፊታቸው በራ።

«ወደ ጫማው እንምጣ። የሞተ ሰው ጫማውን በር ላይ አይደረድርም፤ ገዳዩ ነው ያወለቀው። ለምን? ሟቹ ጫማውን እንደማያወልቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እግሩ ላይ ቢተወው ለገዳዩ ይሻለው ነበር። ወይዘሮ ሰገነት ቢሆኑ ዘለበቱን ይፈታሉ እንጂ ማሰሪያውን አይቆርጡም። አቶ አባይነህ ደግሞ ዛሬ በጫማቸው የረገጡትን ነደባ ትናንት ለሬሳ ብለው አያከብሩትም።»

አባይነህ አጎንብሶ የራሱን ጫማ አየ።

«ገዳዩ አስቦበታል። ሰውየውን ገድሎ በቤቱ ላይ ሊያስፈርድ ነው የፈለገው። ሬሳውን ተሸክሞ እዚህ ሲደርስ ግን እጁ እምቢ አለው። በዚህ መደብ ላይ በጫማ እንዳይወጣ ከልጅነቱ ተቆንጥጦ አድጓል። ሰው መግደል አልከበደውም፤ የእናቱን ነደባ በጫማ ማስረገጥ ግን ከበደው።»

ዓሊዪን ያየው ሰው የለም። ሁሉም ያዩት እናቱን ነበር።

«ዕድሜ ልኬን ጭቃ ስለስን ልኑር?» አለ ዓሊዪ ቀስ ብሎ። ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ ነደባሽን አላቆሸሽኩብሽም።»

ተወካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ቤቶቹ አይፈርሱም» ብሎ ይህንኑ ለጎረቤቶቹ ሊነግር ወጣ።

ወይዘሮ ሐሊማ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። «ልማልልህ። ቤቱ ነው የገደለው። ቁርአን አምጡልኝና ልማል። አፍርሱት፤ ድንጋዩን እኔው አወጣላችኋለሁ።»

«መሐላዎ ቤቱን ያፈርሰው ይሆናል እንጂ ልጅዎን አያወጣም» አለ ሻምበሉ፤ ዓሊዪንም ክንዱን ይዞ ወሰደው።

ግቢው ውስጥ የቆሙት ጎረቤቶች የሰሙት ቤታቸው መትረፉን ብቻ ነበር። ዓሊዪ በመካከላቸው አልፎ የግቢውን በር እስኪወጣ ድረስ እልልታቸው አላቋረጠም።