ቀድሞ የሞተው ጠባቂ

የበረዶ ፋብሪካው ሠራተኛ የተገኘው የማቀዝቀዣ ክፍሉን በር እጀታ እንደጨበጠ ነው። አሞኒያ አፍኖት ነበር፤ የጋዝ ማስጠንቀቂያው ትንፍሽ አላለም። ታናሽ ወንድሙ፣ መካኒኩ፣ እጁን በካቴና ታስሮ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይላል።

«ማስጠንቀቂያውን እንዴት አጠፋኸው?» አለችው መርማሪዋ።

«እሱን አላውቅም» አለ። አድራጊው እንዴት እንዳደረገ ሳያውቅማ እንዴት ይሆናል? መርማሪዋ ማስጠንቀቂያውን ወደምትቆጣጠረው የፋብሪካው ፕሮግራመር ዞረች። ይቺ ልጅ ስለ ሥራዋ ከጠየቋት አፏ አያርፍም።

«እትዬ፣ ከርነል የሚባለው የኮምፒውተሩ እምብርት ነው። ፕሮግራም ሲወለድም ሲሞትም ለሚያዳምጡት ያሳውቃል። 'ጠባቂ' ያልነው ፕሮግራም ያዳምጣል፤ የማስጠንቀቂያው ፕሮግራም ሞተ ሲባል ወዲያው ያስነሳዋል።»

«ዛሬስ?»

«መብራት... ጠፍቶ ይሆናላ።»

«የሚያዳምጠው ጠባቂው ብቻ ነው?»

«የለም፣ የሞተውን የተነሳውን ከነሰዓቱ የሚጽፍ መዝጋቢም አለ» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ገና ሳይጠየቅ ፈነዳ፦ «ያ ጩኸት ጤና ነስቶኛል! ጋዝ ሳይኖር ሲያንባርቅ ነው የሚውለው!»

መርማሪዋ መዝገቡን አሳትማ ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበች።

«መብራት አልጠፋም፤ ቢጠፋ ሞቱን የሚጽፍ አይኖርም ነበር። አራት ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያው ሞተ፣ ተነሳ። እንደገና ሞተ፣ ተነሳ። ያጠፋው ሰው ጠባቂ መኖሩን አያውቅም። እርስዎ ነዎት፣ ሥራ አስኪያጅ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ቀድሞ የሞተው ጠባቂው ነው፤ ማስጠንቀቂያው ቀጥሎ። በዚያው ቀረ። መካኒኩ ጠባቂ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማው ገና ዛሬ ነው። ቅደም ተከተሉን የምታውቀው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ልጄ።»

ፕሮግራመሯ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ጋሼ 'አጥፊልኝ፣ አጥፊልኝ' ሲሉኝ... የጋዝ መለኪያውን አስተካክዬ ከምሳ በፊት ልመልሰው ነበር። ረሳሁት! ከዚያ እሱን ሲያስሩት እያየሁ ዝም አልኩ። ፈራሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

መርማሪዋ ካቴናውን ፈታችለት። መካኒኩ ግን እጆቹን እንዳጣመረ ቀረ።

«ለምን 'እኔ ነኝ' አልክ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ጋዝ ጋዝ ይሸተኛል ብሎኝ ነበር፤ ወንድሜ። ማስጠንቀቂያው ካልጮኸ ምንም የለም፣ ግባ አልኩት።»