የአልቦ ጅራት

በሐምሬት መንግሥት ቀይና ነጭ የሚባሉ ሁለት ነፋሳት ይነፍሳሉ። ሣሩም፣ ድንጋዩም፣ የሰውም ልብ ከሁለቱ የተሸመነ ነው፤ ያላመነ ሄዶ ይጠይቅ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የንጉሥ ዘሐምር አውራ ዶሮ ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን የለም። ከእግሩ ሥር ምስር የምታክል ጉድጓድ ተከፍታ ነበር። መጀመሪያ ጩኸቱን፣ ቀጥሎ ዶሮውን ዋጠች። ወደ ማታ በሬ ዋጠች። በሦስተኛው ቀን ግምጃ ቤቱን ከነዘበኞቹ።

«አልቦ መጣ» አሉ ሽማግሌዎች። መልክም ጥላም የሌለው፣ የነካውን ሁሉ እንዳልነበረ የሚያደርግ አውሬ ነው።

መቶ ጀግኖች ፎክረው ወደ ጉድጓዱ ዘለሉ። የጦራቸው ኳኳታ እንኳ አልተሰማም። ንጉሡ ዙሪያውን በድንጋይ አሳጠረ፤ አጥሩም ተዋጠ። በዚህ አያያዙ በሰባት ቀን ውስጥ የአልቦ አፍ ምልሳት መንደር ይደርሳል። በምልሳት ደግሞ የነፍሴት እናት ከአልጋ መነሣት አቅቷት ተኝታለች።

ነፍሴት የአፈር አንባቢ ናት፤ እፍኝ አፈር ዘግና የአገሩን እርሻ ሁሉ ትናገራለች። የሐምሬት ሕግ «ቁራሹ ሙሉውን ይናገራል» ነውና። ዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አንድ ነፋስ ብቻ በሚነፍስበት አገር ባዶ ነገር ብቻውን ይቀመጥ ይሆናል። ሁለት ነፋስ ባለበት ግን ብቻውን አይቀመጥም፤ የግድ ጅራቱን እስከ ድንበር ይዘረጋል። ጀግኖችዎ ከአፉ ገቡ። እኔ ጅራቱን ልያዝ።»

የጦር አዛዡ ሳቀ። «ሽሽት እንዲህ አምሮ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም!»

«በሁለቱ ነፋስ እምላለሁ፤ ባዶ እጄን ብመለስ በራሴ እግር ጉድጓዱ ውስጥ እገባለሁ።»

የተከተላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዝንጉር የሚባል አንድ ዓይና ሽማግሌ ወታደር። በረዶ በቀንበር ጠምጄ አርሻለሁ እያለ የሚምል ቀጣፊ።

አራት ቀን ተጓዙ። ውሃ ባጡበት በረሃ ፈረሶቻቸው ሞቱ። ዝንጉር ግን አፉን አልዘጋም።

«ያን ጊዜ እኮ እቱ፣ አንበሳውን በጆሮው ይዤ…»

አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ጠፋ። አንድ እርምጃ ሲራመድ ተመለሰ፤ «…ወንዙን አሻገርኩት!»

ነፍሴት ተንበርክካ መሬቱን ዳሰሰች። ሣሩ ግራና ቀኝ ተኝቶ፣ መካከሉ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ምንም የሌለበት መስመር አለ።

«ጋሼ፣ ረገጡት! ጅራቱ ይኸው!»

«እኔ መቼ ውሸቴን በከንቱ አባክኜ አውቃለሁ?»

መስመሩን ተከትለው በሰባተኛው ቀን የድንበሩ ገደል አፋፍ ደረሱ። የጅራቱ ጫፍ እዚያ ይርገበገባል። ነፍሴት አፈር ዘግና አነበበች፤ ፊቷ ገረጣ።

«ጫፉን ሕያው ሥጋ ከሞላው እስከ አፉ ድረስ ይሞላል። አንዲት ጣት ትበቃለች» ብላ ቢላዋዋን መዘዘች።

ዝንጉር እጇን ያዘ። «ቁራሹ ሙሉውን ይናገራል የሚለው ሕጋችን አይደለም? በዚህ አገር ጣት የሰጠ ጣት ብቻ ሰጥቶ ይቀራል?»

ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች።

«አየሽ፣ መዋሸት አታውቂበትም።»

«እናቴ ናት፣ ጋሼ። ዛሬ ይደርስባታል።»

«እንግዲያ እናት ያላት ትመለስ። እኔን የሚጠብቀኝ በረዶው ብቻ ነው» አለና፣ እሷ ሳትደርስበት ትንሿን ጣቱን ከጅራቱ ጫፍ ሰካ።

ጣቱ ሄደ። ክንዱ ተከተለ፤ ከዚያ ደረቱ፣ ጢሙ፣ ያቺ አንድ ዓይኑ። አልጮኸም። ምድር እንደ ሸማ ስትተረተር ተሰማ፤ የቀጠነው መስመር ከገደሉ እስከ ንጉሡ አደባባይ በጥቁር አፈር ተሞላ። የአልቦ አፍ ከምልሳት አጥር ሥር ተዘጋ። መቶዎቹ ጀግኖች አልተመለሱም።

ነፍሴት እናቷን ስማ ወደ ንጉሡ ቀረበች። በአገሩ መካከል ማንም በሬ ያላረሰው፣ የስድስት ቀን መንገድ የሚረዝም አንድ ትልም ተዘርግቷል።

«ይህን ማን አረሰው?» አለ ንጉሡ።

«ዝንጉር።»

አዛዡ ከንፈሩን ጠመዘዘ። «ያ ቀጣፊ? በምን ጠምዶ?»

ነፍሴት በሐሰት ምላ አታውቅም። ቀኝ እጇን አነሣች።

«በበረዶ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሁለቱ ነፋስ!»

ማንም አልሳቀም።