እትዬ ብዙነሽ የሚሳለሙት ግንብ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ጥላ ታየ፣ ድምፅ ተሰማ ሲባል ሌላው ብርድ ልብሱን ሲከናነብ እኔ ባትሪ ይዤ ለማየት የምወጣ ነበርኩ፣ አድጌ ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ ደግሞ ግድግዳ የሚስም ሰው ሳይ በሆዴ ፈገግ የምል ደረቅ ጴንጤ ሆኛለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ "ይሄ ሰውዬ ድሮም ነካ ያደርገው ነበር" እንዳትሉኝ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ነው። የመንገዱን ስም አልነግራችሁም፣ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል። መንገዳችን ከትልቁ ጎዳና ተነስቶ አምስት ብሎክ ቀጥ ብሎ ይወርድና ድንገት ከላይ መኪና ከሚበርበት ከፍሪዌዩ ግንብ ጋር ይላተማል፣ ከግንቡ ማዶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ በዚያው ስም ይቀጥላል። ሥራዬ አዛውንቶችን በቫን ሐኪም ቤት ማመላለስ ስለሆነ ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ የቤት ቁጥሮቹ እኛ ጋ አንድ ቦታ ላይ ያቆሙና ማዶ ሲጀምሩ ብዙ ዘለው ነው፣ የመሃሎቹ ቤቶች የሉም። አዲስ ሾፌር ሁሉ አንድ ቀን እዚያ ግንብ ፊት ቆሞ፣ ስልኩ ቀጥል ቀጥል እያለው ግራ ተጋብቶ ቢሮ ይደውላል።

የመንገዱን ታሪክ የነገሩኝ ጎረቤታችን ሚስተር ኸርበርት ናቸው፣ ሰማንያን ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው መስማት የሚፈልግ ካገኙ አይለቁም፣ እኔም ከሥራ የምወጣው በጊዜ ስለሆነ ብዙ ቀን ተይዣለሁ። ድሮ በመንገዱ መሃል በሐዲድ የሚሄድ የከተማ ባቡር ነበር አሉኝ፣ አላመንኳቸውም፣ በኋላ ግን የውሃ ቧንቧ ሊቀይሩ አስፋልቱን ሲቆፍሩ ሐዲዱ ከሥሩ ብቅ አለና ሽማግሌው በከዘራቸው መታ መታ አድርገው "እህ?" ብለውኝ ሄዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከብ ሊሠሩ ከአገሪቱ ደቡብ የመጡ ሰዎች ሰፍረውበት ጸጉር ቤቱ፣ ጫማ አዳሹ፣ ዓሣ ሻጩ ሁሉ እዚሁ ነበር። ከዚያ በታችኛው ብሎክ ላሉ ቤቶች ሁሉ ደብዳቤ መጣ፣ ፍሪዌይ ሊያልፍ ነው ተባለ፣ ሲፈርስ አቧራው ለወራት ገበታ ላይ ይቀመጥ ነበር። መንገዱ ሲቆረጥ የሚያልፍ ሰው ጠፋ፣ ሱቆቹም አንድ በአንድ ተዘጉ፣ ቤቱ ረከሰና የእኛ አገር ሰዎች መጡ። አሁን ደግሞ ድሮ ጎማ መጠገኛ በነበረው ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩት ወጣቶች ሰፈሩን በአዲስ ስም ይጠሩታል፣ ሚስተር ኸርበርት ያን ስም ሲሰሙ የት ነው እሱ ብለው ይጠይቃሉ።

እትዬ ብዙነሽ አከራዬ ናቸው፣ እኔ ከታች ያለችውን ክፍል ተከራይቼ እሳቸው ከላይ ለብቻቸው ይኖራሉ። ከባለቤታቸው ጋር ሁለት ሁለት ሥራ እየሠሩ የገዙት ቤት ነው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል፣ አንዲት ልጃቸው ሜሮን አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ርቃ ኩፐርቲኖ ነው የምትኖረው። ጤነኛ፣ ቁጥብ፣ ቀልደኛ ሴት ናቸው፣ እኔን "የእኔ ጴንጤ" እያሉ ይጠሩኛል። ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ።

ነገር የመጣው በቪዲዮ ነው። እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ መንገዱ መጨረሻ ይወርዱና ያን የፍሪዌይ ግንብ አማትበው፣ ጎንበስ ብለው፣ ተሳልመው ይመለሳሉ። አንዱ ጎረቤት ይህን ቀርፆ የሰፈሩ ገጽ ላይ ለጠፈው፣ ተዘዋውሮ ሜሮን ጋ ደረሰ። በእሷ አልፈርድም፣ ባለፈው ወር ምድጃ ሳያጠፉ ተኝተው ስለነበር እንቅልፍ አጥታለች።

"ቅዳሜ አብረሃት ሂድና እይልኝ" አለችኝ በስልክ። "ኦኬ ከሆነች ትቆይ፣ እኔም አርፋለሁ። ኮንፊውዝድ ከሆነች ግን እኔ ጋ ነው የማመጣት፣ ቤቱም ይሸጣል። አንተ የምትለኝን ነው የማደርገው፣ ማታ ኮል አድርግልኝ።"

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወጣን። የእዚህ አገር ክረምት ቀኑ አጭር ስለሆነ ፀሐይዋ ለመግባት ተቃርባለች፣ ደመና የለም፣ ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እትዬ ክንዴን ይዘው የወንድሜን ሠርግ ይጠይቁኛል፣ ሰኞ ቆሻሻ ማውጣት እንዳልረሳ ያስታውሱኛል፣ ግራ የገባው ሰው ወሬ አይደለም። የት ነው የምንሄደው ስላቸው የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልመን እንመለሳለን አሉ። የቱ ቤተ ክርስቲያን አልኩ።

"የእኛ የኦርቶዶክስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የእነሱ የአሜሪካኖቹ ነው" አሉኝ። "ቢሆንም ደጁ ድረስ ደርሶ ዝም ብሎ ይታለፋል?"

በመጨረሻው ብሎክ መግቢያ ሰማያዊ የፖስታ ሳጥን አለ። እሱን እንዳለፍን መጀመሪያ ያስተዋልኩት የእትዬን ጫማ ድምፅ ነው። እመኑኝ፣ እዚያ ቦታ ከፍሪዌዩ ጩኸት የተነሳ ጫማ አይሰማም፣ ሰው ለማውራት እንኳ የሚጮህበት ነው። የጆሮዬ ነገር መስሎኝ ከዳገት እንደወረደ ሰው ምራቄን ዋጥ አደረግሁ፣ ቀና ስል የጭነት መኪኖቹ ከግንቡ በላይ እየተከታተሉ ያልፋሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም።

ግንቡ ሥር ስንደርስ እንጨት ሲጢጥ አለ። አስፋልት ላይ ነው የቆምነው። እትዬ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ እግራቸውን አነሱ፣ ሌላኛውን አስከተሉ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከጎናችን፣ ጆሮዬ ድረስ ቀረብ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ "ሦስተኛዋን ተጠንቀቂ እህቴ" አለ። ዞርኩ፣ ማንም የለም። እትዬ "እሺ፣ ተባረክ" ብለው በአማርኛ መለሱና ሦስተኛዋን ተራመዷት። ቁመታቸው እስከ ትከሻዬ ነው፣ ያን ጊዜ ግን ክንዴን ወደ ላይ እየሳቡት ነበር፣ የነጠላቸው ጥለት ዓይኔ ፊት ነበር፣ እግራቸውን ለማየት አልደፈርኩም።

ተሳለሙ። ቀጥሎ እጄን ያዙና "አንተም ንካው፣ አይበላህም" ብለው መዳፌን ግንቡ ላይ አደረጉት። ሲሚንቶ አልነበረም። ቀለም የተቀባ ጣውላ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ በጣቶቼ መጋጠሚያውን ዳሰስኩት። ወዲያው የመኪኖቹ ጩኸት እንደ ጎርፍ ተመለሰና እትዬ እንደ ወትሯቸው ከትከሻዬ ሥር ቆመው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ፣ ግንቡም ያው የማውቀው ግራጫ ግንብ ነው። መዳፌ ላይ ጥፍር የምታህል የተላጠች ነጭ ቀለም ተጣብቃለች።

ማታ ሜሮን እኔን ሳትጠብቅ ደወለች። ምን እላታለሁ? ልክ ናቸው ብል እኔም አብሬ ልታከም ነው፣ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር፣ ሁለተኛ አብሬያቸው እንድወርድ እንዳይጠይቁኝ ነገሩ በቶሎ እንዲያልቅ ነበር የፈለግሁት። ግራ ይገባቸዋል፣ ለብቻቸው መኖር ያለባቸው አይመስለኝም አልኳት። ሜሮን አለቀሰችና አመሰገነችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መጥታ ወሰደቻቸው። እትዬ አልተከራከሩም፣ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ቅዳሜ ቅዳሜ ተሳለምልኝ አሉኝ። እትዬ፣ እኔ እኮ ብዬ ስጀምር "ጴንጤ መሆንህን አውቃለሁ፣ በእኔ ስም ነው እንጂ በአንተ ስም መቼ አልኩህ" አሉ። እሺ አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ነው ያቺን የቀለም ቅርፊት ለሚስተር ኸርበርት ያሳየኋቸው። የት እንዳገኘኋት እንጂ ሌላውን አልነገርኳቸውም። በጥፍራቸው አገላብጠው ወደ ብርሃን ያዟት። ፍሪዌዩ ሳይመጣ እዚያ ቦታ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነበረች አሉኝ፣ ነጭ፣ አባታቸው በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ ይቀቧት ነበር። ደጁ ላይ ቆመው ሰው የሚቀበሉትም አባታቸው ነበሩ፣ ሦስተኛዋ ደረጃ ትነቃነቅ ስለነበር ሴቶቹን ተጠንቀቁ ሳይሉ አያሳልፉም ነበር። ያን ጊዜ ለሜሮን መደወል ነበረብኝ፣ ቤቱ ገና አልተሸጠም ነበር፣ አሁንም አልተሸጠም። አልደወልኩም።

ቅዳሜ ሲመጣ ግን ወጣሁ። እስከ ፖስታ ሳጥኑ ሄድኩ፣ እዚያ ስደርስ የመኪናው ድምፅ ሳሳ ሲል ተሰማኝ፣ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ማታ ማታ እትዬ ሲደውሉ ተሳልሜልዎታለሁ እላለሁ፣ ይመርቁኛል፣ ስለ ኩፐርቲኖ ዝምታ ያወሩልኛል።

ባለፈው እሑድ ደወሉ። ሰላምታውን ጨርሰው፣ ጤናዬን ጠይቀው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ "ለምን ትዋሸኛለህ ልጄ?" አሉኝ።

"ምን ዋሸሁ እትዬ?"

"ከፖስታ ሳጥኑ ነው የምትመለሰው። ሦስት ቅዳሜ ቆሜ ጠበቅሁት አለኝ።"

"ማን ነው ያለዎት?"

"ደጁ ላይ የሚቆመው ሰውዬ ነዋ" አሉ፣ ስለ ሰፈር ባለ ሱቅ እንደሚያወራ ሰው። ቀጥለውም "ለሜሮንም ያን ጊዜ እንደዚሁ ዋሽተህ ነው የነገርካት?" ብለው ጠየቁኝ።

ስልኩን ሜሮን ተቀብላቸው ስታወራኝ፣ እማዬ እዚህ ከመጣች ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም፣ ጉልበቷን ያማታል አለችኝ። ከሳጥኑ እንደምመለስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለሚስተር ኸርበርትም ቢሆን።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ጫማዬን አድርጌ በሩ ጋ ተቀምጫለሁ፣ የሜሮን ቁጥር ስልኬ ላይ ወጥቷል፣ የትኛውን አስቀድሜ እንደማደርግ አላውቅም። ፍሪዌዩ እዚህ ቤት ድረስ ሌት ተቀን ይሰማ ነበር። አሁን ግን የምሰማው የግድግዳ ሰዓቴን ብቻ ነው።